የመንጋው ዋጋ

ሬአትን ያገኙት ሰኞ ማለዳ መረባቸውን ሊያነሡ የወረዱ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። የካቲት ስለሆነ የባሮ ወንዝ ጎድሏል። ክረምት ላይ ውሃ የሚውጣቸው ድንጋዮች አግጥጠው ወጥተዋል፤ ሬአትም ከእነሱ በአንዱ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። የሠላሳ አንድ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት መጋዘን ይሠራ ነበር። አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሲስቅ እንጂ ሲቆጣ ያየው ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ደግሞ ሐዘኑ ማንንም አያልፍም።

ኮማንደር ያዕቆብ ከሟቹ የሸሚዝ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የ«ወርቅ ዛላ የምግብ ዘይት አክሲዮን ማኅበር» ማስታወቂያ ነው። የላይኛውን መስመር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ።

«የአንድ አክሲዮን ዋጋ ከአንድ ሺህ ብር ወደ አንድ መቶ ብር መለወጡን እናስታውቃለን... ይኸው ነዋ! ይህ ልጅ ወዳጆቹን እየሰበሰበ አክሲዮን የሚያስገዛ ነበር። ሺው መቶ ሆኖ ሲያገኘው አፈረ፤ ራሱንም ወረወረ። ምስኪን!»

አጠገባቸው የቆመችው ኢንስፔክተር ኛኩዎል አልመለሰችም። ይህች ሴት ዝም ስትል ሐሳቧ ሌላ ቦታ የሄደ ይመስላል፤ በዚህ የተሸወደ ሌባ ብዙ ነው። ጎንበስ አለችና የሟቹን ቀኝ እጅ ቀስ ብላ ከፈተች። መዳፉ ውስጥ ከነሥሩ የተነቀለ ሣር ነበር።

«ጌታዬ፣ ራሱን የሚወረውር ሰው ሣር ይጨብጣል?»

«መጨረሻ ላይ ተጸጽቶ ይሆናል።»

«ይሆናል። ላይ ወጥተን እንየው።»

ገደሉ ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም የሚያህል ነው። ጫፉ ላይ የወደቀ ግንድ አለ። ከግንዱ ፊት አፈሩ ላይ የሁለት ሰው ጫማ ጎን ለጎን ይታያል። መሬት ላይ ደግሞ አንድ የብረት ሳህን ተቀምጧል፤ ከማሽላ ዱቄት የሚሠራው ዋልዋል ከዓሣ ወጥ ጋር ተደርጎበት፣ ከጫፉ ሁለት ጊዜ ብቻ ተጎርሶ፣ የቀረው ለጉንዳን ተርፏል። የሳህኑ ከንፈር ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም የተደረገች ነጥብ አለች። የጋምቤላ ሴቶች በየቤተ ክርስቲያኑ ድግስ ሳህናቸው እንዳይቀላቀል እንዲህ ምልክት ያደርጋሉ።

«አንደኛው ሲበላ ሌላው አብሮት ተቀምጦ ነበር» አለች ኛኩዎል። «ሬአት ሲወድቅ ያ ሁለተኛው ሰው አልጮኸም፤ ሰውም አልጠራም። መዝገቡን ዛሬ አንዝጋው።»

ወረቀቱን ተቀብላ ለራሷ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ከዚያ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አኖረችው። ስለ ወረቀቱ ለማንም እንዳይነገር ኮማንደሩን ለመነች።

የቀይ ነጥቧን ባለቤት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ቤታቸውም ሩቅ አልነበረም። ኛሊየፕ ይባላሉ፤ ገበያ ውስጥ የደረቀ ዓሣ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ረጅምና ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ኛጃል የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። የሬአት ወዳጅ ኩን ነው ያጫት፤ ሠርጉ የሚሆነው የጥሎሽ ላሞች ሲሞሉ ነው።

«የኛጃል እናት፣ እሑድ እዚህ ማን ማን ነበር?» አለች ኛኩዎል በኑዌርኛ።

«የአክሲዮን ማኅበርተኞቹ ናቸዋ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁልጊዜ እኔ ቤት ነው የምንሰበሰበው። የገዛነው ሁላችንም በየስማችን ነው፤ ደብዳቤው ግን በሬአት በኩል ይመጣል። እሱ ነው የሚያነብልን።»

«ምግብ አቀረባችሁ?»

«ሳላበላ ሰው ልሰድ? ዋልዋል ነበረ፤ ዓሣ ነበረ።»

«ስንት ሳህን አወጣችሁ?»

«አምስት» አሉ ኛሊየፕ ሳያመነቱ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ሬአት እንደ ልጄ ነበር። ምን አደረጋቸው? ማንን በደለ?»

ኛኩዎል ሳህኑ የት እንደተገኘ አልነገረቻቸውም። ሁለተኛዋን ማኅበርተኛ ፍለጋ ወደ ሊድያ መድኃኒት ቤት ሄደች። ሊድያ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል፤ ቢሆንም ደንበኞቿን እያስተናገደች ነበር።

«ስብሰባው ላይ ጠብ ነበር?»

«ጠብ እንኳ አይባልም። መምህር አሸብር ጮኸ። ሬአት ደብዳቤውን እኛው ፊት ነው የከፈተው፤ ቅዳሜ ማታ በአውቶቡስ ተልኮ ደርሶት፣ አብረን እናንብበው ብሎ ሳይከፍተው መጣ። ‹አንዱ አክሲዮን ከሺህ ወደ መቶ ብር ሆኗል› ብሎ አነበበ። አሸብር ‹አለቅን!› ብሎ ተነሣ። እኔም ልቤ ቀጥ ልትል ነበር፤ ሠላሳ አክሲዮን አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሬአት ሳቀ። ሲስቅ ታውቂው የለ?» ሊድያ ለደንበኛዋ መልስ ቆጥራ ሰጠች። «‹ተረጋጉ፣ ቀሪውንም ስሙኝ› አለን። ‹ሊድያ፣ የአንዲት ላሜ ዋጋ ይህን ያህል ነው ብልሽ፣ ሀብታም ነህ ወይስ ድኻ ትዪኛለሽ?› አለኝ። ‹ስንት ላም እንዳለህ ሳላውቅ እንዴት እላለሁ?› አልኩት። ‹አወቅሽው!› አለ። ‹የአንዱ አክሲዮን ዋጋ የአንዲት ላም ዋጋ ነው። የኩባንያው ጠቅላላ የገበያ ዋጋ ደግሞ የመንጋው ዋጋ ነው፤ የአንዱን ዋጋ በአክሲዮኖቹ ቁጥር አባዝተሽ የምታገኚው። አንዱን ብቻ አይቶ ሌላውን የሚረሳ ሰው ይሳሳታል።› ደብዳቤው ላይ ከታች ተጽፏል፤ እያንዳንዱ አክሲዮን ለአሥር ተከፍሏል። ድሮ ኩባንያው አንድ ሚሊዮን አክሲዮን በሺህ ብር ነበረው፤ አሁን አሥር ሚሊዮን በመቶ ብር። ያውም ይኸውም አንድ ቢሊዮን ነው። የእኔ ሠላሳም ሦስት መቶ ሆኗል። ዳቦ ስለተቆረሰ አይቀንስም።»

«ስለዚህ የከሰረ ሰው የለም።»

«አንድም ሰው! ሁላችንም ስቀን ነው የበላነው። ራሱን ገደለ የሚሉት ምን ሆኖ ነው?»

መምህር አሸብር የሒሳብ መምህር ነው፤ ከደጋ መጥቶ እዚህ ማስተማር ከጀመረ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ኛኩዎል ስትደርስ ሰሌዳ እያጠፋ ነበር። መርማሪ መሆኗን ሲሰማ ማጥፊያውን አስቀመጠ።

«መጮኼን ነግረውሽ ነው አይደል? ጮኼያለሁ፤ አልክድም። እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ‹እንግዲያው ይህን ሸጠን የዚያን የሲሚንቶ ኩባንያ እንግዛ፤ አንዱ አክሲዮን ሃያ ብር ብቻ ነው፣ ርካሽ ነው› ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ሬአት ‹መምህር፣ የሱ አክሲዮን ሁለት መቶ ሚሊዮን ነው፤ አባዛው እስቲ› አለኝ። አራት ቢሊዮን መጣ። ‹ታዲያ ከእኛው አራት እጅ የሚበልጠውን ኩባንያ ነው ርካሽ ያልከው? ርካሽ መሆኑን የምታውቀው ጠቅላላ ዋጋውን ከትርፉ ጋር ስታስተያይ ነው› አለኝ። ሴቶቹ ሳቁ። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ማባዛት አስተማረኝ።»

«ጠላኸው?»

«ለአንድ ሰዓት ያህል» አለ አሸብር። «ዛሬ ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር።»

«ቤት ውስጥ ስንት ነበራችሁ?»

«አራት። ሬአት፣ ሊድያ፣ የኛጃል እናት፣ እኔ። ኛጃል ጓዳ ነበረች፤ ትገባለች ትወጣለች፤ ከእኛ ጋር አልበላችም።»

«ከዚያ ወዴት ሄድህ?»

ከስብሰባው በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ከአሥር ሰዓት ተኩል እስከ ምሽት ድረስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ለፈተና ሲያስጠና ነበር። ኛኩዎል ሠላሳ ተማሪ ጠይቃ አረጋገጠች። ሊድያንም ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ እስከ ጨለማ መድኃኒት ቤቷ ውስጥ አይቷታል።

ኩንን ያገኘችው ለቅሶው ቤት ነው። ከሬአት ጋር ኢታንግ አብረው ያደጉ፣ አንድ ሳህን ላይ የበሉ ናቸው። ኩን ሰባት ዓመት ኩሌ ውስጥ ሾፌር ሆኖ ሠርቷል። የጥሎሽ ላሞቹን አንድ በአንድ ከመግዛት ብሩን አክሲዮን ውስጥ አስቀምጦ በአንድ ጊዜ እንዲያወጣ የመከረው ሬአት ነው። ኩን ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ከሁለት ቀን ወዲህ እህል አልቀመሰም አሉ። ኛኩዎል አጠገቡ ተቀመጠች።

«ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ። እሑድ ስብሰባው ላይ ነበርክ?»

«አልነበርኩም። መኪና ሳጥብ ነው የዋልኩት።»

«ሬአት ራሱን ገደለ ይላሉ። አንተ ምን ትላለህ?»

«ምን እላለሁ» አለ ኩን ቀና ሳይል። «ያ አክሲዮን ነው የገደለው። አሥራ ስድስት ላም ወደ አንድ ላም ተኩል ሲወርድ ማን ይችላል? የሰው ፊት እንዴት ያያል?»

ኛኩዎል ይህን ሰው ከልቡ እያለቀሰ አይታዋለች፤ ልቅሶው ውሸት አልነበረበትም። አጽናንታው ተነሣች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ኛሊየፕ ቤት ሰበሰበቻቸው። ኮማንደር ያዕቆብ ወንበር ተሰጣቸው። ሊድያና አሸብር ደረጃ በደረጃ የተደረደሩ ጀሪካኖች አጠገብ ተቀመጡ፤ ኛሊየፕ ከልጃቸው ጋር በጓዳው በር በኩል ሆኑ። ኩን ግን አልገባም። ከቤቱ ውጭ ከጭቃው ግድግዳ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ኩን፣ ግባ እንጂ!» አሉ ኮማንደሩ።

«እዚያው ይሁን ጌታዬ» አለች ኛኩዎል። «ከዚያ ይሰማል። እሑድም የተቀመጠው እዚያው ነው።»

ኛኩዎል መሐል ወለሉ ላይ ቆመች።

«ከመጀመሪያው ልነሣ» አለች። «ሬአት እጁ ውስጥ ሣር ነበር። መሞት የፈለገ ሰው አይደለም፤ ለመዳን የታገለ ነው። ግንዱ ፊት የሁለት ሰው ጫማ ነበር፤ ስለዚህ ብቻውን አልነበረም። ጌታዬ ኮማንደር ከደብዳቤው ተነሥተው በኪሳራ ነው አሉ። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ያነበበ ሁሉ እንዲሁ ይላል። ግን ከታች ያለው ሲነበብ የከሰረ ሰው የለም። ሬአትም ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ታዲያ በዚህ አክሲዮን የተነሣ ሊቆጣ የሚችለው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«የመጀመሪያውን መስመር ብቻ የሰማ» አለ አሸብር በቀስታ።

«አዎ። ዋጋውን የሰማ፣ ቁጥሩን ያልሰማ። እዚህ ቤት ውስጥ የነበራችሁት አራታችሁ ግን ሁለቱንም ሰምታችኋል፤ ስቃችሁም በልታችኋል።» ወደ ኛሊየፕ ዞረች። «የኛጃል እናት፣ ቤት ውስጥ የበላችሁት አራት ናችሁ። ሳህን ያወጣችሁት ግን አምስት ነው። አምስተኛው ሬአት ከሞተበት ቦታ ተገኝቷል።»

ኛሊየፕ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ምግብ በሞላበት ቤት ደጅ ላይ ሆኖ የሚበላ ማነው?» አሉ ኮማንደር ያዕቆብ።

«ጌታዬ፣ በእኛ በኑዌሮች ባህል ልጃቸውን ሊያገባ የመጣ ሰው አማቱ ፊት አይበላም፤ ፊት ለፊታቸውም አይቀመጥም። ንቀት ሳይሆን ክብር ነው። እሱም ማኅበርተኛ ነው፤ መስማት ይፈልጋል። ስለዚህ ከግድግዳው ውጭ ተቀምጦ ያዳምጣል። እሑድ ‹ከሺህ ወደ መቶ› ሲባል ሰማ። መምህሩ ‹አለቅን› ብሎ ሲጮህ ሰማ። ሰባት ዓመት የለፋበት አለቀ፤ ኛጃልም ለሌላ ልትሆን ነው። ቀሪውን ለመስማት አልቆየም፤ ተነሥቶ ወደ ወንዙ ሄደ። ሬአት ስብሰባው ሲያልቅ ድርሻውን ይዞ ተከተለው።»

«ምናልባት ሌላ ሰው...» አለች ሊድያ።

«እኔም ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ኩን ስብሰባው ላይ አልነበርኩም አለኝ። ደብዳቤው ግን የተከፈተው እሑድ በዚህ ቤት ነው። የሬአትን ስልክ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አልደወለም። እኛም ለማንም አልተናገርንም። ኩን ግን አሥራ ስድስት ላም ወደ አንድ ተኩል ወረደ ብሎ አሰላልኝ። ዋጋው በአሥር መውረዱን ያውቃል፤ አክሲዮኑ በአሥር መብዛቱን ግን እስከ ዛሬ አያውቅም። ከዚህች ቤት አጠገብ ተቀምጦ ግማሹን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው እሱ ነው።»

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ኩን ገብቶ ቆመ። ከአማቱ ፊት ለፊት ሆኖ ሲቆም ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ምን... ምንድነው በአሥር የበዛው?» አለ በአማርኛ፤ ቃሉ እየተሰናከለበት።

ኛኩዎል ደብዳቤውን ዘረጋችለት። «አራት መቶ አክሲዮን ነበረህ። አሁን አራት ሺህ ነው። አራት ሺህ ጊዜ መቶ አስላው። ብርህ ከነበረበት አልተነካም። ላሞችህ አሥራ ስድስት ናቸው ኩን።»

ኩን ደብዳቤውን አልተቀበለም። ከዚያ በኋላ ያለውን በኑዌርኛ ተናገረው፤ ኛኩዎል ለኮማንደሩ ብትተረጉመውም ኑዌርኛ የማያውቁትም ከፊቱ አንብበውት ነበር።

«ሳህኑን ሰጠኝ፤ ብላ አለኝ። ሁለት ጊዜ ጎረስኩ። እሱ ሳቅ አለና ‹አክሲዮኑን ሰማህ?› አለኝ። ብሬን አጥፍቶ የሚስቅብኝ መሰለኝ። ‹ቆይ፣ ላስረዳህ› አለኝ። ‹ሰባት ዓመት ስታስረዳኝ ነበር› ብዬ ተነሣሁ፤ እሱም ተነሣ። ትከሻዬን ሊይዝ ሲል ገፋሁት። ገደሉ ከኋላው እንዳለ አላሰብኩም። ሣሩን ያዘ። በሌላው እጁ ወደኔ ተዘረጋ። እኔ...» አንገቱን ደፋ። «አልያዝኩትም። ለመቁጠር እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው፤ አልያዝኩትም። ከዚያ አልነበረም።»

የተቆጣ ሰው አልነበረም። ኮማንደሩ መነጽራቸውን አወለቁ። አሸብር ‹አለቅን› ብሎ የጮኸበትን አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

«ሊነግረኝ ነው የመጣው?» አለ ኩን።

«ሊነግርህ ነው የመጣው» አለች ኛኩዎል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ኩን የሚለቅመው ነገር አልነበረም። መሬቱ ላይ ተቀመጠ፤ ማንም ሊያነሣው አልሞከረም። ብዙ ቆይቶ፣ ኮማንደሩ ለመሄድ ሲነሡ፣ አንድ ነገር ለመነ።

«አክሲዮኑ ይሸጥ። ላሞቹ ለሬአት አባት ይሰጡ። ሬአት ልጅ አልወለደም፤ በስሙ ሚስት ትምጣለት።»

ኛኩዎል ለኮማንደሩ ነገረቻቸው፦ ልጅ ሳይወልድ የተገደለ ሰው በደሙ ካሣ ላሞች ሚስት በስሙ ትገባለታለች፤ ወንድሙ ከእሷ የሚወልደው ልጅ የሟቹ ልጅ ይባላል፤ ስሙም ከምድር አይጠፋም። ኮማንደሩ ሕጉ የራሱን እንደሚጠይቅ አስታወቁ። ኩን አውቃለሁ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ኛጃል በጓዳው በር ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

የፋሲካ ሰሞን ኛኩዎል ማረሚያ ቤት ሄዳ ጠየቀችው። ኩን ከስቷል። ላሞቹ ኢታንግ መድረሳቸውን፣ የሬአት አባት እንደተቀበሏቸው፣ ሽማግሌዎችም ሁለቱን ቤተሰቦች እንዳስታረቁ ነገረችው። ለመሄድ ግን አልተነሣችም።

«ሌላም አለ?» አላት።

«የሬአት አባት ለልጃቸው ስም ሙሽራ እየፈለጉ ነው። ኛሊየፕ ቤት ሽማግሌ ልከዋል።»

ኩን ወዲያው ገባው። እጁ የተቀመጠበትን አግዳሚ ጫፍ ያዘ። ኛኩዎል በሥራ ዘመኗ ብዙ ሰው አስራለች፤ የዚህን ያህል ግን ማየት ያቃታት ሰው አልነበረም።

«ኛጃል ምን አለች?»

«ገና አልመለሰችም። አንተን ጠይቂልኝ ብላ ነው የላከችኝ።»

ኩን ዓይኑን ጠረገ።

«እሺ ትበል በያት» አለ። «ሬአት ደግ ሰው ነበር።»